በማኅደር የተሰፋው ስልክ

ላሊበላ ላይ ኮምፒውተር ቤት በከፈትኩበት ዓመት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊቅ አደረገኝ። ሊቅነቴ አንድ ዲፕሎማ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና አቧራ እንዳይገባበት ከአልጋ ልብስ የሰፋሁለት ሽፋን ነበር። ከባጃጅ መቆሚያው ከፍ ብላ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ መዝሙር በሚሞሪ እጭናለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ሥራዬ ግን ቪዲዮ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ነበር። ሠርግ ይቀረጻል፣ ተዝካር ይቀረጻል፣ የገና ሽብሸባ ይቀረጻል፤ ስልኩ ይሞላል፤ ባለስልኩ ስልኩን ያጠገብኩት እኔ ይመስል ተቆጥቶ ይመጣል። እኔም ቁጣ አያንሰኝም። አንዴ ያሳየሁትን ነገር ደግሜ ማሳየት አልወድም ነበር፣ ይህንንም ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ዘመኑ የዕድገት ዘመን ነው። ገዢው ግንባር አገሩን እየመራ፣ እኛም በየስብሰባው እያጨበጨብን፣ መብራት የሚጠፋው አገሪቱ ስላደገች፣ ኔትወርክ የሚቆራረጠው ተጠቃሚው ስለበዛ መሆኑ በሚገባ ተብራርቶልናል። ማብራሪያው በሻማ የተሰጠበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ያለ ቪዲዮ በኢንተርኔት እልካለሁ የሚል ሰው፣ ፍላሽ ላይ አስጭኖ በእግሩ ወልዲያ ቢወርድ ይቀድማል። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ ፍላሽ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል።

አንድ ረቡዕ ጧት በብልባላ በኩል ካለ ገጠር አንድ ሽማግሌ ቄስ መጡ። ነጭ ጥምጥም፣ ጭራ፣ ትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለ የቆዳ ማኅደር። ማኅደር ዳዊት የሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢት ነውና ዳዊቴን ፎቶ ኮፒ አንሺልኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ማሽኑን አሞቅሁ። አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ዳዊት አልነበረም። ስልክ ነው። የመጻሕፍት ማኅደር የሚሰፋው ደብተራ በልኩ ሰፍቶለት፣ ፊት ለፊቱ ለመስታወቱ መስኮት፣ ታች ለቻርጅ አፉ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ በጠፍር ተጠፍሮ፣ ሚካኤል ተቀርጾበት። የፋብሪካ ሽፋን የሚባለውን ሁሉ አሳፈረው።

ስልኩን የገዛችላቸው ደሴ የምታስተምር ልጃቸው ናት። ባለቤታቸው ክረምት ላይ አርፈዋል። ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም፤ ብዙዎቹ ይመነኩሳሉ፤ እሳቸውም ለመጪው እሑድ ቆርጠዋል። ስልኩ ውስጥ ደግሞ የሟች ቪዲዮ አለ፤ ሌላ ፎቶ እንኳ የላቸውም። ልጅቱ የእናቴን ድምፅ ብላ ታለቅሳለች። ከእሑድ በፊት ቪዲዮው ከስልኩ ወጥቶ በፍላሽ ለልጅቱ መድረስ፣ ከስልኩ ላይ ደግሞ መጥፋት አለበት።

«መነኩሴ ሚስቱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ አይዞርም» አሉኝ። «በይ እስቲ ልጄ፣ አውጪልኝ።»

ቀላል ነው አልኳቸው። ይህ ቃል ከአፌ በወጣ ቁጥር የዚያ ቀን ሥራ በቀላሉ እንደማያልቅ ማወቅ ነበረብኝ።

ገመዱን ሰካሁ። ስልኩ ቻርጅ መያዙን የምታሳየው ምልክት ብልጭ አለች፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ እንግዳ መምጣቱንም አልሰማም። ገመድ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ በአገራችን የማይድን በሽታ ሁሉ መጀመሪያ በማጥፋትና በማብራት ነው የሚታከመው። ቀጥሎ ችግሩ የድራይቨር ነው ብዬ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከስልኩ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም የለውም ብዬ፣ ያለኝን ሁሉ ጫንኩበት። ቄሱ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአድናቆት ያዩኛል። አድናቆታቸው ይበልጥ አሳበጠኝ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ረስቼ፣ የማላውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አሜን» አሉ።

በብሉቱዝ ሞከርኩ። የቀረው ጊዜ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየጨመረ ሄደ። የሆነ ቦታ ሲደርስ መብራት ጠፋ። አገሪቱ አደገች ማለት ነው።

መብራት እስኪመለስ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ቪዲዮውን ማን እንደቀረጸው ጠየቅኳቸው። እሳቸው ናቸው፤ ግን ቪዲዮ ለመቅረጽ አልነበረም፤ ፎቶ ሊያነሷቸው ነው የሞከሩት። ልጅቱ አሳይታቸው በሄደች ማግስት፣ ሚስታቸውን ነጠላ አልብሰው ግድግዳ ጋ አቁመው፣ አትነቃነቂ ብለው ተጫኑ። የተጫኑት የቪዲዮውን ነው። ፎቶ የሚነሳ ሰው ደግሞ በእኛ አገር እንደ ግንድ ቀጥ ማለት አለበት፤ ሴትዮዋም ቀጥ አሉ። እሳቸውም ፎቶው እስኪያልቅ ጠበቁ። ፎቶ የሚያልቅ ነገር ስለመሰላቸው አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ከኮሌጅ ስመጣ ብዙ ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

መብራት ሲመለስ የቀረኝ መንገድ ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ በቀጥታ ማንበብ ነው። እሱ ደግሞ ከጀርባው ነውና ማኅደሩ መፈታት አለበት። እንቢ አሉ። የተሰፋ ማኅደር አይፈታም፤ ዳዊት ከማኅደሩ የሚወጣው ለጸሎት ነው፤ ይኼ የሚወጣው ለምን? ተቆጣሁ። አባ፣ ይኼ ስልክ ነው እንጂ ዳዊት አይደለም አልኳቸው። እሱስ ነው፣ አሉ ረጋ ብለው፣ ቢሆንም የዳዊት ልብስ ለብሷል። 

እንዲያው ንዴቴን ለማብረድ፣ ቻርጅ ሲያደርጉትስ ደህና ይይዛል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ድንጋይ ስጭንበት ይይዛል።»

ምን ሲጭኑበት አልኩ።

ለካ ገመዱ ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ያስቸግራቸው ኖሮ፣ ሁልጊዜ ሶኬቱን ወደ ስልኩ የሚገፋ ድንጋይ ያስደግፋሉ። ድንጋዩ ሳይቀር ተመርጦ ለዚሁ ሥራ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ማኅደሩን አንስቼ ቀዳዳውን በእጅ ባትሪ አየሁ። ቆዳው እንደ ዳዊት ገበታ ወፍሮ ገመዱን ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ከውስጥ ደግሞ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። በክብሪት እንጨት ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት። ቅቤ ነው። የቆዳ ማኅደር እንዳይደርቅ ቅቤ ይቀባል፤ እሳቸውም ባለሙያ ናቸውና አዘውትረው ቀብተውታል፤ ቅቤው ከገብስ እብቅ ጋር ተለውሶ የስልኩን አፍ ደፍኖታል። እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ ድራይቨር ስጭን ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበርኩ።

«በረቡዕ ምድር?» አሉ ቄሱ፣ ክብሪቱን አይተው። የጾም ቀን ነው፤ ስልኩ ግን እስከ ጉሮሮው ቅቤ በልቷል። ከዚያ በኋላ ማኅደሩ ይፈታ ወይስ አይፈታ የሚለው ክርክር አበቃ። ምላጭ ተቀብለው ራሳቸው ጠፍሩን ከቋጠሮው ጀምረው እየበጠሱ አወጡት። ስልኩ ራቁቱን ሲወጣ ዞር ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሚሞሪውን ከማውጣት አፉን ማጽዳት ይቀላል፤ ቅቤ የሚያስለቅቅ አልኮል ስለሌለኝ ጎረቤቴ ካለችው አረቄ ነጋዴ በስኒ አስመጣሁ። ሴትዮዋ ራሷ ይዛ መጥታ፣ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ቄሱን አይታ፣ ሰዓቱን አይታ፣ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። እስከ ማታ ድረስ ቄሱ በጾም ቀን ከኮምፒውተር ቤት አረቄ አስመጡ የሚለው ወሬ ባጃጅ መቆሚያ ደርሷል። እኔ ጥጥ በክብሪት እንጨት ላይ ጠምጥሜ በአረቄ እየነከርኩ አጸዳሁ፤ እሳቸው ሽታውን ሽሽት አፍንጫቸውን በጭራቸው ጋረዱ።

ሰካሁት። ቀጭ ብሎ ገባ። ኮምፒውተሩ በመጨረሻ ሰማ፤ ስልኩን በስሙ ጠራው። ፎልደሩን ከፈትኩ። ባዶ።

ያን ጊዜ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ጠፋች ወይ፣ አሉ። አልጠፉም አልኳቸው፤ እኔም ግን ፈርቼ ነበር። ስልኩ ሲቆለፍ ለኮምፒውተሩ ምንም አያሳይም። መክፈት አለባቸው፤ ከዚያ ቻርጅ ብቻ የሚለውን ትተን ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን መምረጥ አለብን። ቁልፋቸው መስቀል የሚመስል መስመር ነው፤ በጣታቸው ቀስ ብለው አማትበው ከፈቱት። መረጥኩላቸው። ቪዲዮዋ ብቻዋን ብቅ አለች።

መገልበጥ ስጀምር ስልኩ ቶሎ ቶሎ እየተቆለፈ መንገድ ላይ ያቋርጠኛል። ይህን በቅንብር ማስተካከል ይቻላል፤ እኔ ግን እንደገና የሆነ ነገር ነክቼ ለማበላሸት ድፍረቱ አልነበረኝም። እንዳይተኛ በየመሃሉ መስታወቱን ዳሰስ ያድርጉት አልኳቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ፣ ዳሰስ፣ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቁ። አለቀ። ፍላሹ ላይም ጫንኩት። ቫይረስ እንዳይበላው ብዬ ለራሴም አስቀረሁ።

በትክክል መገልበጡን ለማየት ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። ሴትዮዋ የጭቃ ግድግዳ ጋ ቆመዋል። ነጠላ፣ ጥቁር ግንባር፣ ጎን ለጎን የወረዱ እጆች። አይነቃነቁም፤ ዓይናቸው ብቻ ይርገበገባል። ከውጭ ዶሮ ይሰማል። ብዙ ከቆዩ በኋላ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ተናገሩ።

«ቄሴ፣ አላለቀም?»

«አትነቃነቂ» ይላል የቄሱ ድምፅ።

«ኧረ ባቄላው አረረ።»

«አትነቃነቂ ብዬሻለሁ።»

ሴትዮዋ ፈገግታቸውን መያዝ አቃታቸው። ቀና ብለው በቀጥታ ወደ እኛ አዩ፣ ማለቴ ወደ እሳቸው። «በሉ ይብቃዎት፤ እኔ እዚህ ቆሜ አልውልም» አሉና ከግድግዳው ዘወር ብለው ከምስሉ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። ቄሱ እንዴት እንደሚያቆሙት አላወቁም ነበርና ግድግዳው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ላቋርጠው እጄን ስሰነዝር አጠገቤ የተቀመጡትን አየኋቸው። ሚስታቸው የሚሉትን ሁሉ የቄሱ ከንፈር ቀድሞ ሲለው አይቼ ነበር፤ አሁን ግድግዳውንም እንደዚያው ያዩታል። እጄን መለስኩ። ግድግዳውን እስከ መጨረሻው አየነው። በልቤ ስቀልድባቸው መዋሌ አሳፈረኝ፤ አለቀስኩም።

ከዚያ ስልካቸውን አነሳሁና ላጥፋው ወይ አልኩ። የመጡበት ነው፤ ራሳቸው ያዘዙኝ ነው።

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም?» አሉ። «የምመነኩሰው እሑድ ነው። እንዴት እንደሚጠፋ አሳዪኝና እሑድ ጧት ራሴ አጠፋዋለሁ።»

አሳየኋቸው። ጣት አሳርፎ መያዝ ነው፤ ከዚያ አጥፋ የሚለውን መንካት ነው፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። አልያዝኩትም አሉ። ደግሜ አሳየሁ። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚወጡ፣ ቅዳሴውን ከነዜማው የተሸከሙ ሰው፣ ስልኩን ከእጄ ቀስ ብለው ወስደው ደረታቸው ላይ አኖሩት።

«አልገባኝም ልጄ» አሉ፤ ወደ እኔ ሳያዩ።

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልተቆጣሁም።