መርፌዋን ያጠበቅኳት ቅዳሜ

እልህ ክፉ ነገር ነው። ሜስኪት ከተማ ዳር ባለው የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ ላይ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው፤ ሌላ ሰው የለበትም።

የሚስቴ አባት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ልጃቸው ፕሮሰስ አድርጋ ከአገር ቤት ካመጣቻቸው ጀምሮ ጋርላንድ ከተማ እኛ ቤት ነው ያሉት። መኪና አይነዱም። ሁላችንም ሥራ ስንወጣ ብቻቸውን ይቀራሉ። አንዲት ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ያመጣሁላቸው ለመዝናኛ ያህል ነበር፤ እሳቸው ግን ክንፍ ሠርተው፣ ወረቀት አልብሰው አውሮፕላን አደረጓት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ ፊታቸው ይበራ ጀመር። ጠዋት ተነስተው ነዳጁን ከጉሎ ዘይት ጋር ደባልቀው፣ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ይጠብቁኛል።

ሞተሯ ባለ ሁለት ምት ናት፤ እፍኝ አትሞላም። ጉልበቷን የምትወስነው ጎኗ ላይ ያለችው፣ ነዳጅ የምትመጥነው መርፌ ናት። መርፌዋን ትንሽ ስታጠብቃት ነዳጁ ያንስና ሞተሯ ትፈጥናለች። ካበዛኸው ግን የሚያለሰልሳት ዘይትም አብሮ ይቀንስባትና ትቃጠላለች። እሳቸው ሁልጊዜ ለቀቅ አድርገው፣ ነጭ ጭስ እያስተፏት ነበር የሚያበሯት። "ትዝናና፣ ምን አስቸኮላት?" ይላሉ።

ያን ቅዳሜ አጠገባችን የቆመው ፈረንጅ፣ የሱ አውሮፕላን የኛን ደጋግማ ስታልፋት፣ "የናንተዋን እንቅልፍ ይዟታል" ብሎ ሳቀ። ሰውየው ለጨዋታ ነው፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። የኛዋ ስታርፍ "አባባ፣ እስቲ እኔ ላስተካክላት" ብዬ መርፌዋን አጠበቅኳት። ሞተሯ ጮኸች። አየኋቸው፤ ዝም አሉ። ዝም ካሉማ ልክ ነው ብዬ እንደገና አጠበቅኳት። ጭሱ ጠፋ። አሁንም ዝም። ኮፍያቸውን ብቻ ነካ ነካ አደረጉ።

ለቀቅናት። ወይ አበራረር! ፈረንጁ ራሱ አጨበጨበ። ልቤ አብጦ ሳያበቃ ጩኸቱ ቀጥ አለ። ፒስተኑ ግሎ ተጣብቆ ኖሮ አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተደፋች፤ ክንፏ ብትንትኑ ወጣ። ሰው ተሰብስቦ "ምን ሆነች?" ሲል፣ እሳቸው ቀደሙኝና "የኔ ጥፋት ነው፤ ዘይት አሳንሼ ነው" አሉ። እኔስ? ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ አድጌ የለ! የኔው ግን ነቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ "ጉልበቴን አሞኛል" ይላሉ። አንድ ማታ እራት ላይ ሚስቴ "አባዬ እኮ ዘይቱን ተሳስቶ ነው፤ እርጅና መጣ" ብላ ስታዝን ምግቤን ትቼ ተነሳሁ። በማግስቱ ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ሞተሯን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። መርፌዋን አብዝቼ አጥብቄ ነው።"

"አውቃለሁ። ጩኸቷን ሰምቻለሁ እኮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ሰው ፊት? የልጄን ባል?" ጥያቄዬ ገርሟቸው አዩኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ሌላ እንሥራ፣ አፈር ስሆን! መርፌዋን አልነካም" አልኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉ።

"አይሆንም ልጄ። ትነካለህ፤ እኔም ዝም እላለሁ። ያንተን ክብር ስጠብቅ ስንት አውሮፕላን ልጨርስ?"

ብለው ሳቁ። ኮፍያቸው ዛሬም በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው።