ውሃ የነካው ቸርኬ

ሰገነት ቤይሩት ከገባች ጀምሮ ዕድሜዋን የፈጀችው የሰው ቤት በማጽዳት ነው። የመጀመሪያዋ ማዳም «ሰገነት» የሚለው ስም ለአፏ ቢከብዳት ሱዚ ብላ ጠራቻት፤ ሱዚ ሆና ወለል ወለወለች፣ ሱዚ ሆና በር እየተቆለፈባት አደረች። በመጨረሻ ከዚያ ቤት ወጥታ ቡርጅ ሐሙድ በሚባል ሰፈር ከጓደኛዋ ከፌቨን ጋር አንዲት ክፍል ተጋራች። ምካሌስ በሚባለው ሰፈር አሮጌ መኪና የሚያድሱት፣ እንደ ሙያ አለቃ «ምዓለም» የሚባሉት ሽማግሌው ቶፊቅም ጋራዣቸውን እንድትጠርግ ቀጠሯት።

አንድ ቀን ሽማግሌው ዝገት ሲፍቁ የሽቦ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ። ሰገነት አነሳችውና ሳትጠየቅ መፋቅ ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ዝገቱ የእሷ ሆነ። ብረቱን ኮምጣጤ ውስጥ ትነክራለች፤ ቅርፊቱ ሲላላ በብሩሽ፣ ጥጋጥጉን በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች። አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም የሚቀቡት ግን ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ።

በዚህ መሃል ሀደት በሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት ማዳም አዳሪ ሠራተኛ ፈለገች። መኖሪያ ፈቃድም አወጣልሻለሁ አለች፤ መልሱን ለዓርብ ቀጠረቻት። ሰገነት የሚቆለፈው በር ትዝ አላትና ጋራዡ ውስጥ ቋሚ ሥራ እንዲሰጧት ምዓለምን ጠየቀች።

«እነዚህን የመርሴዲስ ቸርኬዎች ብቻሽን ጨርሺ» አሏት። «ዓርብ ባለቤቱ ይመጣል። ሥራው ደህና ከሆነ ትቀሪያለሽ። ካልሆነ ግን፣ ያኒ፣ ለመጥረጊያ ብቻ ሰው ማቆየት አልችልም።»

ሐሙስ ፍቃ ጨረሰች። ብረቱ ግራጫ ሆኖ አበራ። ላዩ ላይ የቀረውን ብናኝ ስታይ ግን እንዲሁ ትታው መሄድ አቃታት። ንጹሕ ማለት ለእሷ የታጠበ ማለት ነበር። ቸርኬዎቹን በሳሙና አጠበች፣ አለቀለቀች፣ ውሃቸው እንዲንጠፈጠፍ እንደ ሰሃን ደርድራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ላይ በርበሬ የተነሰነሰ መስሎ አዲስ ዝገት ወጥቶባቸው አገኘቻቸው። ለፌቨን ደውላ የሆነውን ነገረቻት።

«ቀቢበታ ሰጊ! ማን ፍቆ ያያል?»

«ከስር ይበላዋል እኮ።»

«ይብላው! መኪናው ያንቺ ነው? ወይስ ሀደት ገብተሽ የአሮጊት ዳይፐር መቀየር አማረሽ?»

«አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ ጉደኛ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

የአንቲረስቱን ጣሳ ከፈተች። ብሩሹንም ነከረች። ሱዚ መሸፈን ታውቅበት ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሻገተው ግድግዳ ላይ መጋረጃ የምትስበው እሷ ነበረች። ሰገነት ብሩሹን ጠርጋ ጣሳውን መልሳ ከደነች፤ ብርጭቆ ወረቀቷንም አነሳች።

ምዓለም ቶፊቅ ሲገቡ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምዓለም፣ በውሃ አጠብኳቸው።»

«ብረት? በውሃ? በዚህ በባሕር አየር?»

«በሳሙናም።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ያዙ። «ትንሽ ሎሚና የወይራ ዘይት ብትጨምሪበት ሰላጣ ይወጣው ነበር!» ከዚያ ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «ለዛሬ አይደርስም። ለሰውየው ቃል ገብቼለታለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። እጇ ግን አላረፈም።

ምዓለም ኮታቸውን አወለቁ። እሷ ፈቀች፣ በቲነር ወለወለች፤ እሳቸው በኮምፕሬሰሩ ንፋስ አደረቁ። ከዚያ ብሩሹን ሰጧት። «አየር ሳያገኘው ቶሎ ቀቢው። ያላ!» እሷም ቀባች።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ሲመጣ የተቀባው ግማሹ ብቻ ነበር። ፊቱን አጠቆረ።

«ለዛሬ አላልከኝም?»

«ዝገት ላይ ቀብተን ቢሆን ዛሬ ትወስደው ነበር» አሉት ምዓለም።

«ታዲያ ማን ነው ያዘገየብኝ?»

ሰገነት አንገቷን ደፋች።

«ሰገነት» አሉ ሽማግሌው፣ ፊደል በፊደል እየረገጡ። «ኮፈኑንም የምትፍቅልህ እሷ ናት፤ እዚሁ ትቀራለች።»

ሰውየው የደረቀውን ቸርኬ በጣቱ ዳበሰ። ጣቱን አይቶ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ የሰገነት ስልክ ጮኸ። የሀደቷ ማዳም ነበረች። ሰገነት በአቧራ የተለወሰ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው።

«ፓርዶን፣ ማዳም። አልመጣም» አለች። «ሥራ ላይ ነኝ።»

ብረቱ እየጠበቃት ነበር፤ ስልኩን ኪሷ ከታ ብሩሹን አነሳች።