ጉም ሲገለጥ የጠፋው ባል

ሮቤ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጎባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው በሮቤ ብርድ መሸነፌ አሁንም ያሳፍረኛል፤ የጎባ ሰው የሮቤን ብርድ እንደ ብርድ አይቆጥረውም። የፕሮግራም ኃላፊው አቶ ግርማ ከመስታወቱ ማዶ ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ "ይሄ ድምፅ እስኪድን የሐዘን ማስታወቂያ ታነቢያለሽ፤ ለሌላ አይሆንም" አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም።

ድምፄ ከዳነ በኋላም ከሐዘን ማስታወቂያ ቶሎ አልተነሳሁም። ከዚያ ወደ ገበያ ዋጋ፣ ከዚያ ወደ ዜና፣ በመጨረሻ ወደ መጽሐፍ ትረካ አደግሁ። በእኛ ጣቢያ ተራኪ ማለት ትልቅ ሰው ነው። ደመወዙ ከዜና አንባቢ አይበልጥም፤ ገበያ ሲወጣ ግን ባለ ሱቁ ድምፁን ሰምቶ ቀና ይላል።

የትረካን ሙያ ያስተማረኝ ቴክኒሺያናችን ጀማል ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ከድምፅ ማደባለቂያው ከሚክሰሩ ፊት ተነስቶ የማያውቅ የሮቤ ሰው ነው። "ገጹን ሳትጨርሺ ጥጉን ያዢ" ይለኝ ነበር። "ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ ብለሽ። ወረቀቱ ከጮኸ አድማጩ ታሪኩን ትቶ አንቺን ያያል።" ለብ ያለ ውኃ መጠጣት፣ ከቀረጻ በፊት ወተት አለመንካት፣ ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ በእርሳስ መጫር፣ ይሄን ሁሉ ከሱ ተማርኩ። የአቶ ግርማ ሕግ ግን አንድ ነበር፦ ተራኪ ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም፣ መጨረሻውንም ለማንም አይናገርም።

አንድ ክረምት አቶ ግርማ ጠሩኝና፣ "ሰዉ ዜና ሰልችቶታል። የሚያስቅ ነገር እናሰማው" ብለው አንድ ልብ ወለድ ሰጡኝ። ደራሲው ዮናስ ይባላል። ከሌላ ክልል መጥቶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተሰማ የሚባል ሰው ይሞትና በተዝካሩ ዕለት የሙት መንፈስ ሆኖ ቤቱ ይመጣል። የመጣበት ምክንያት ወጡ ጨው አንሶታል ብሎ ነው። ሚስቱ ጽጌ መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ቀጥላ ትሰድበዋለች፣ ውላ አድራ ደግሞ በሕይወት ሳለ ወድዳው በማታውቀው መጠን ትወደዋለች። ተሰማ የሚታየው ጉም ሲወርድ ብቻ ነው። ፀሐይ ከወጣች የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ይጠፋል። ጽጌን ሊያገባ የሚመላለስ አንድ ባለ ወፍጮ አለ፤ ተሰማ በቅናት የሰውየውን አንድ እግር ጫማ ይደብቃል።

ቤቴ ጋቢ ተከናንቤ ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ጽጌና ባለ ወፍጮው ጉም ወደማይደርስበት ቆላ ወርደው ሱቅ ከፈቱ። ተሰማ ጉሙን ተከትሎ ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነው። ከጎረቤት አህያ ጋር ስለ ጨው ሲከራከር ፀሐይ ወጣች፣ ጠፋ፣ አለቀ። ሌላ ገጽ ያለ መስሎኝ የኋላ ሽፋኑን ሳይቀር አገላበጥኩ። ተናደድኩ። ያን ያህል ያሳቀኝ ሰው እንዲህ አድርጎ ይጥለኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ቢሆንም ሥራ ነውና ጀመርኩ። ለተሰማ ድምፅ ስፈልግ ፊቴን ከማይኩ ወደ ግድግዳው አዞርኩና ከጉሮሮዬ ሥር ዝግ ብዬ ተናገርኩ። ጀማል ትንሽ ማስተጋባት ጨመረበት። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ "ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ አለ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍነው ክረምት አሁን ሳስበው የታለመ እንጂ የተኖረ አይመስለኝም። ትረካው የሚተላለፈው ከምሳ በኋላ ነው፤ ጉሙም ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ያኔ ነው። ከጎባ እስከ ሮቤ ሱቁም፣ ባጃጁም፣ ጠጅ ቤቱም ያንን ድምፅ ያሰማል። ጉም ሲጥል ሰዉ "ተሰማ መጣ" ይባባል ጀመር። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ መንገዱ ነጭ ነው፤ ዛፉም ሰዉም ግማሽ ግማሹ ብቻ ይታያል። የራሴን ድምፅ ከማላየው ቤት ስሰማው ማን እንደሚናገር ይጠፋኛል። በዚያ ነጭ ውስጥ አንድ ሰው ስለ ጨው ቢጠይቀኝ ኖሮ የምደነግጥ አይመስለኝም።

ትረካው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ወይዘሮ አስካለ ከጎባ ወደ ጣቢያችን መጡ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ያጣፉ ሴት ናቸው። ጀማልን "አካም ቡልተኒ" ብለው ሰላም አሉና ከእኔ ጎን ተቀመጡ።

"ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር" አሉኝ። "ከሃረና ቡና ሊጭን በጠዋት ወጣ። አሞኝ ስለነበር ሳይቀሰቅሰኝ ወጣ፤ አዝኖልኝ ነው። ከዚያ መንገድ አልተመለሰም። እኔ ታዲያ ይሄን ታሪክ የምሰማው ለሳቁ ብቻ አይደለም። ስንብታቸውን እየጠበቅኩ ነው። ተሰማ የሚሄድ ከሆነ ደህና አድርጎ ተሰናብቷት ይሄዳል አይደል፣ እህቴ?"

መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ሕጉም አለ። "ይስሙት፣ ወይዘሮ አስካለ" ከማለት ሌላ አልቻልኩም። ፊቴን ሲያዩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

በማግስቱ አቶ ግርማ ቢሮ ገብቼ፣ "አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንጨምር። ሰውየው ይሰናበታት" አልኳቸው። እሳቸው ዮናስን አስጠሩት። ዮናስ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም። "እትዬ ሙሉ፣ ስንብት ካስገባሁበት ሰው እያለቀሰ ይዘጋዋል። እኔ የጻፍኩት ሰው እንዲስቅ ነው" አለ። አቶ ግርማም ፈረዱ፦ "እንደ ተጻፈው ይነበባል። ከዚያ በኋላ ግን ደራሲውን በእንግድነት አቅርበን የአድማጭ አስተያየት እንቀበላለን።"

የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደ ተጻፈው አነበብኩ። አህያውን ሳነብ ዮናስ ራሱ ከጎኔ ተቀምጦ ፈገግ አለ። ስልኩ ተከፈተ። አንዱ ደዋይ ሳቀ፣ አንዱ "እንዴ፣ በቃ?" ብሎ ዘጋው፣ አንዲት ልጅ "ቅር ብሎኛል" አለች። ያኔ በሩ ተከፈተና ጀማል ወይዘሮ አስካለን አስገባቸው። ስልክ አልያዝ ቢላቸው በታክሲ መጥተው ኖሯል።

"ልጄ፣ አሳቀኸኛል፤ እግዜር ይስጥህ" አሉት ዮናስን። "ባሌን ካጣሁ ወዲህ እንደዚህ ክረምት ስቄ አላውቅም። ግን አሳዘንከኝም። የእኔም ሰው ሳይሰናበተኝ ነው የሄደ። እሱ እንደማይመለስ አላወቀም። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ብዕሩ በእጅህ ነበር።"

"አላሰብኩትም" አለ ዮናስ። "ምን ቢላት ይሻል ነበር፣ እማማ?"

"ብዙ አይደለም። 'ተኚ፣ አትነሺ፣ እኔ ሄጃለሁ' ቢላት ይበቃት ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በሱ ድምፅ በይልኝ፣ እህቴ። ስሜን አትጥሪ። በጽጌ ስም ይሁን፤ እኔ ለራሴ እሰማዋለሁ።"

ዮናስን አየሁት፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከመስታወቱ ማዶ አቶ ግርማ ቆመዋል፤ ወደ እሳቸው ግን አልተመለከትኩም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። "ጽጌ፣ ተኚ። አትነሺ። እኔ ሄጃለሁ" አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። "እሺ" አሉ፣ ቤታቸው በር ላይ እንደቆመ ሰው ቀስ ብለው። "በሰላም ግባ።"

በሬዲዮ ዝምታ ነውር ነው፤ ጀማል ሙዚቃ ማስገባት ነበረበት። እጁ ሚክሰሩ ላይ እንዳለ ቀረ። በዚያች ሰዓት ከጎባ እስከ ሮቤ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ዝም አለ።

አቶ ግርማ በኋላ ቢሮ ጠርተው፣ "ቃል ጨምረሻል" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። "ሁለተኛ እንዳይለምድሽ" ብለው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። እኔም ጡረታ እስክወጣ አልለመደኝም።

ለጀማሪ ተራኪዎች የምለው ይሄን ነው። የሚያስቅ መጽሐፍ ሲሰጣችሁ አየር ላይ ሳይወጣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የሚሄድ ሰው ካለበት እንዴት እንደሚሄድ እዩ። ካልተሰናበተ ለኃላፊያችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አድማጭ መካከል አንድ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።