የበጉ ደረት

በመስኮታችን ስር ባለፈ ባጃጅ ላይ የታሰረ ፍየል ሲጮህ የልጅነቴ ቅዳም ሹር ትዝ አለኝ።

አባዬ ለፋሲካ በግና ፍየል ገዝተው ግቢያችን ውስጥ ግራሩ ስር አስረዋል። ቢላዋ መሳል ሲጀምሩ ፍየሉ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው፤ በጉ ግን ዝም ብሎ ቆመ።

«አባዬ፣ በጉ አይፈራም እንዴ?»

«ጌታችንም ሲከሱት እንደ በግ ዝም አለ እንጂ አፉን አልከፈተም።»

«ስላልፈራ ነው?»

አባዬ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እስቲ ጆሮሽን ደረቱ ላይ አድርጊ።»

ጠጉሩ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግሏል፤ አቧራ አቧራ ይሸታል። ልቡ ጆሮዬን እየገፋ ይመታል።

«ውይ አባዬ፣ ይሄ እኮ ከፍየሉም ብሷል!»

«ዝም ያለን እንደዚያ ነው የሚያዳምጡት» አሉኝ።

ነገሩ በደንብ ባይገባኝም፣ ያን ሰሞን የጎረቤታችን አህያ ሳትቀር ያገኘሁት ዝምተኛ ደረት ላይ ሁሉ ጆሮዬን ስለጥፍ ከረምኩ።

አሁን አባዬ አልጋ ይዘዋል። ጠያቂ ሲመጣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሰዉም «አይ ብርታታቸው!» እያለ ይወጣል።

ዛሬ የመጨረሻውን ጠያቂ ሸኝቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ አደረግሁ።