የሆሊስ ሽጉጥና አልወድቅ ያለው የብረት በግ

ሊንደር ክሪክ ውስጥ ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል። የሟቹ የሆሊስ ወንድም ኦሪን ግን ባዶ እጁን መጣና የመጣውን ምግብ በላ፤ በልቶ ሲጨርስም የወንድሙን ሽጉጥ ጠየቀ። ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ጥይቱ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ሲተኮስም እንደ በቅሎ ይራገጣል።

«ዋርሳዬ፣ ይሄ የሴት እጅ የሚችለው አይደለም» አላት። «አንቺ አውቶብስሽን ንጂ።»

የሆሊስ ሚስት ቬልዳ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነጂ ናት። «እነዚያን ልጆች አንድ ቀን አሳፍረህ ብትውል፣ ሽጉጥ ከባድ ነው አትልም ነበር» አለችው።

«እንግዲያው በመስከረሙ የተኩስ ውድድር የብረቱን በግ ጣዪው። ከጣልሽው ያንቺ ነው። ካልጣልሽው ግን ለእኔ።»

«እሺ» አለች ቬልዳ። ቃሉ ካፏ ሳይወጣ ጸጸታት።

ሽጉጥ ወድዳ አይደለም። ሆሊስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተኩስ ሜዳ ሲመለስ ባሩድና የሽጉጥ ዘይት ይሸት ነበር፤ ልብሶቹ ታጥበው ለሰው ተሰጥተዋል፤ ያ ሽታ የቀረው በዚህ ብረት ላይ ብቻ ነው። ኦሪን እጅ ከገባ ባሏ ሁለተኛ የሞተባት ያህል ነው።

በጉ ደግሞ ቀላል በግ አይደለም። ከወፍራም ብረት የተቆረጠ አውራ በግ ነው፤ ማዶ ኮረብታው ሥር ያቆሙታል። በተኩስ ክበቡ ሕግ መምታት ብቻ ዋጋ የለውም፣ መጣል ነው። በትንሽ ጥይት ቢመቱት ሰላምታ የቀረበለት ይመስል ቆሞ ይቀራል። ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ የሚራገጠውን ሽጉጥ ይዞ የሚመጣው።

ቬልዳ ክረምቱን ሙሉ ተኮሰች። ጥይቷ ሁሉ ከበጉ እግር በታች አፈር እያስነሳ ቀረ። መካሪ በዛላት። አንዱ እጀታውን ቀይሪ አላት፣ ሌላው ጥይቱን፣ አንዱማ ጫማሽን አላት። ኦሪንም አልቀረም፦ «ጥፋቱ የማነጣጠሪያው ነው። የፊተኛውን በሞረድ ትንሽ አሳጥሪው፣ ጥይቱ ከፍ ይላል።» እውነቱን ነው፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ሲያጥር አፈሙዙ ቀና ይላል። ለሽጉጡ የቋመጠ ሰው ለምን መከራት ቢባል፣ የሊንደር ክሪክ ወንድ ምክር ከሚቆጥብ ጥርሱን ቢነቀል ይመርጣል።

ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ሞረዷን ይዛ ሜዳው ላይ ተገኘች። የክበቡ አንጋፋ ተኳሽ አሮጊቷ ኢነዝ ሹራብ እየሠራች አየቻት።

«ልትሞርጂው ነው?»

«ምን ላድርግ?»

«የተሞረደ አይመለስም፣ ልጄ። በይ መጀመሪያ እኔ ላጉርስልሽ።»

ኢነዝ ጀርባዋን ሰጥታ አጎረሰችና ሽጉጡን መለሰችላት። ቬልዳ ተኮሰች፤ አፈር ተነሳ። ደገመች፤ አፈር ተነሳ። ቀጥሎ ምላጩን ስትስብ «ቀጭ» ብቻ አለ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፤ አፈሙዙ ግን ሰግዶ መሬት ሊስም ደረሰ፣ ዓይኗም ተጨፈነ።

«ማን ገፋሽ?» አለች ኢነዝ።

«ማንም።»

«ሦስተኛው ያጎረስኩልሽ ባዶ ቀለህ ነው። እጅሽ ጩኸቱ ሳይመጣ ይሸሻል። ሽጉጡ ምን በደለ?»

ቬልዳ አፈረች። ከዚያ ሳቅ ያዛት፣ እንባዋ እስኪወርድ።

ሳምንቱን እንዲሁ ሰነበቱ። ኢነዝ ባዶውንና ሙሉውን ቀላቅላ ታጎርሳለች፤ ቬልዳ ሁሉንም ባዶ ነው ብላ ምላጩን ቀስ አድርጋ ትስባለች፣ ሲፈነዳ ራሷን እስኪገርማት ድረስ። አርብ ዕለት አፈሙዙ በባዶው ላይ ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሏት በሙሉው ተኮሰች። ጥይቱ ከበጉ ጀርባ በላይ አለፈ። ደግማ ብትተኩስም ያው ሆነ።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለች ልታለቅስ ደርሳ።

ኢነዝ መነጽሯን ከፍ አድርጋ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ አየችው፤ በጥፍሯም ዳሰሰችው። «ይሄ ድሮ ተሞርዷል።»

«ማን ሞረደው?»

«ከሆሊስ ሌላ ማን ነክቶት ያውቃል?»

ቬልዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ያ ነጎድጓድ ሲያስደነግጣት የሚስቅባት ሰውዬ፣ ለካ እሱም በተኮሰ ቁጥር እጁ ይሰግድ ነበር። ፍርሃቱን መተው ቢያቅተው ብረቱን ለፍርሃቱ ልክ ቆረጠለት። የእሷ ፍርሃት ከእሱ ስለበለጠ ነው ጥይቷ አፈር ስትልስ የከረመችው። ተናደደችበት፤ ደግሞ አንጀቷን በላት።

«አዲስ ማነጣጠሪያ ይገጠምለት?» አለች ኢነዝ።

«አይነካ።»

«እንግዲያው እግሩን አልሚ።»

በውድድሩ ቀን ኦሪን የሽጉጥ ሳጥን ገዝቶ፣ በብብቱ ይዞ መጣ። ቬልዳ መምቻውን ቀሰረች፤ የበጉን እግር አለመች፤ ባዶ ነው፣ ባዶ ነው እያለች ሳበች። ሽጉጡ ሲጮህ ደነገጠች። በጉ ትንሽ አሰበበት፣ ዘመም አለ፣ ከዚያ በጀርባው ተዘረረ።

ኦሪን ሳጥኑን ከብብቱ ወደ ጀርባው አዞረ። «የት አለምሽ?»

ቬልዳ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ሆሊስ ምንጊዜም መሐል ደረቱን ነበር» አለ ኦሪን፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ዓይኑ እንኳ አይርገበገብም። ፍርሃት የሚባል አያውቅም ነበር፣ ወንድሜ።»

ኢነዝ ሹራቧ ላይ አቀረቀረች። ቬልዳ የሰውዬውን የራሰ ዓይን አየች። ክረምቱን ሙሉ ያቃጠላትን የምትከፍልበት ቃል ምላሷ ላይ ነበር።

«እኔም ደረቱን ነው ያለምኩት» አለችው። «ሳጥኑን ግን ባዶውን ይዘህ አትመለስ፣ ለእኔ ተወው።»

ሰጣት። መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን የተሞረደችውን የማነጣጠሪያ ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«አንተ ፈሪ» አለችው። ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ ወዳው አታውቅም።