ረሃብተኛ ሁኑ ተባልን

ወንድሜ የነበረበት ሻለቃ ሰላም ለማስከበር ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር እንዲሄድ ታጨና ለሥልጠና ሰቆጣ አጠገብ ሰፈረ። እኔ ያኔ ከፃግብጂ ገጠር መጥቼ፣ ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ የምማር፣ ምላሴ ከዕድሜዬ የቀደመ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣና «ለእማ እንዳትነግሪያት» አለኝ። እሷ ጠረፍ ላይ ያለ ይመስላት ነበር። ፈተናውን ካለፈ ድንገት ቤት ገብቶ ሊያስደስታት፣ ከዚያም ምርቃቷን ተቀብሎ ሊሄድ ነው ሐሳቡ። በእኛ አገር እናቱ ሳትመርቀው ሩቅ የሚሄድ ልጅ የለም፤ ቢሄድም ይመለሳል ብሎ የሚጠብቀው የለም።

ፈተና ስላችሁ ተኩስ እንዳይመስላችሁ። የውጭ አገር ፈታኞች መጥተው መጀመሪያ የሚያዩት ዕቃውን ነበር። የራስ ቁሩ ተሰንጥቋል ወይ፣ የውሃ ቦቴው ያፈሳል ወይ፣ ወጥ ቤቱ ከመጸዳጃው ይርቃል ወይ፣ እያንዳንዱ አልጋ አጎበር አለው ወይ። ወንድሜ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። «እኛ ቤት ቢመጡማ ከነላሞቻችን ይሰርዙን ነበር» አልኩት። እሱ አልሳቀም። ከዕቃው በኋላ የሰው ፈተና አለ አለኝ። እህል ሲታደል ሕዝብ ቢገፋ፣ ወታደሩ ሳይተኩስ፣ በዱላም ሳይመታ፣ ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ ገፊውን መመለስ አለበት። ከመስመሩ የወጣ ወይም የፊቱን መከለያ የገለጠ ከሚሄዱት ይሰረዛል።

ለዚህ ፈተና እንግዲህ ሕዝብ ያስፈልጋል። ከየት አመጡት? ከእኛው ነዋ! የቀበሌያችን ሊቀመንበር በየመንደሩ ሰው ልኮ «ስንዴ ስላለ ስልቻ ይዛችሁ ውጡ» አስባለ። ልምምድ ነው ያለ አንድ ሰው የለም። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር፤ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ደርቋል። ሰው በእግሩም፣ አህያውን እየነዳም ጎረፈ። እናቴም ስልቻዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጎረቤቶቿ ጋር መጣች። እኔም ከትምህርት ቤት ቀርቼ አብሬያት ወጣሁ።

ሜዳው ላይ የተሰለፈውን ጋሻ ሳይ ነገሩ ገባኝ። «እማ፣ ይሄ የወታደር ልምምድ ነው፤ ስንዴ የለም፣ እንሂድ» አልኳት። «ዝም በይ! ማዳበሪያ ሙሉ የጫነ መኪና ቆሟል ሲሉ አትሰሚም?» ብላ ተቆጣችኝ።

ሕዝቡ ምን አደረገ መሰላችሁ? በሥርዓት ቁጭ አለ። አሮጊቶች ከፊት፣ ሕፃን ያዘሉ ቀጥለው፣ ጎልማሶች ከኋላ። ትንፍሽ ያለ የለም። በሰባ ሰባት እህል ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው፤ ጉልበቱን በጩኸት አይጨርስም። አሠልጣኙ መኮንን በገነ። ድምፅ ማጉያውን ይዞ «እናንተ እኮ ረሃብተኛ ናችሁ! ጩኹ! ግፉ እንጂ!» ይላል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! የዋግን ሰው ረሃብ ሊያስተምር! ማንም ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሊቀመንበሩን ጠርቶ በጆሮው አንሾካሾከለት። ሊቀመንበሩ ድንጋይ ላይ ወጣና «ስንዴው አይበቃም! የደረሰ ይውሰድ!» አለ። እግዜር ይይለት። ሜዳው ባንዴ ተነሳ። እናቴ እጄን አስለቅቃ ሮጠች፤ እኔም ሰው እየጣስኩ ተከተልኳት።

ከጋሻው ስደርስ፣ ጫፉን በቀኝ እጇ ጨብጣ ትለምናለች። ወደ ውስጥ የበቀለ ሽፋሽፍት ዓይኗን እየወጋ ለዓመታት ስላደከመው ፊቷ የቆመ ሰው እንኳ ጥላ ነው የሚሆንባት። እኔ ግን ከመከለያው ጀርባ ያለውን ፊት አየሁት። ወንድሜ ነበር። ወይ አምላኬ! ከዚያ ሁሉ ወታደር እሱ ላይ ይጣላት?

በእኛው በኽምጣና ቋንቋ ነበር የምትለምነው። «አንተ ልጅ፣ እባክህ አሳልፈኝ። እኔም እንዳንተ ያለ ወታደር ልጅ አለኝ» ትለዋለች። ከዚያ መስመር ቋንቋዋን የሚሰማ እሱ ብቻ ነበር። ከኋላው «መልሳቸው!» የሚል ትእዛዝ መጣ። ፈታኞቹ ዳር ቆመው ያያሉ። ጋሻውን ወደፊት ገፋው።

እናቴ በጀርባዋ ወደቀች። ሰው እጇን ረገጠው፤ ጣቶቿ ሲሰበሩ ሰማሁ። ጮኽኩ፣ ወንድሜን በስሙ ጠራሁት፤ በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማል? መስመሩ ግን አልተከፈተም።

በሌላ በኩል አልፎ አንዱን ማዳበሪያ የቀደደ ሰው ጭድ ዘረገፈ። ሁሉም ጭድ ነበር። መኮንኑ ላቡን እየጠረገ «በጣም ጥሩ ነበር፤ ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን» አለና ለየሰዉ አንድ አንድ ፓኬት ብስኩት አሳደለ። እናቴ በግራ እጇ ተቀበለች።

ሻለቃው ፈተናውን አለፈ፤ ወንድሜም አለፈ። ሊሰናበት ቤት ሲመጣ መንገድ ላይ ጠበቅኩት።

«እኔ መሆኔን አወቀች?» አለኝ።

«አላወቀችም። አንተው ንገራት።»

«ስመለስ እነግራታለሁ። አሁን ብነግራት ሳትመርቀኝ ብትቀርስ?»

«ፈሪ!» አልኩት። «ያን ሁሉ ጋሻና ቁር ጭነውብህ፣ የፈራኸው አሮጊት ነው?» አንጀቴ አርሮ ነበር፤ ዛሬም አልበረደልኝም። እሱ መሬት መሬት እያየ አለፈኝ።

እናቴ እልል ብላ ተቀበለችው። ሲነጋ ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ቆምን። ወንድሜ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። የማይታጠፉትን ጣቶቿን ራሱ ላይ አሳርፋ መመረቅ ጀመረች።

«እሾህ አይውጋህ፤ እንቅፋት አይምታህ። ጥይት ይሳትህ። በሄድክበት እግር ተመለስልኝ።»

«አሜን!» አልን ሁላችን። ሊነሳ ሲል ራሱን ይዛ አስቀረችው።

«ያን እኔን የጣለኝን ግን፣ የሄደበት መንገድ አይመልሰው። እናቱም ደጅ ደጁን እያየች ትቅር።»

ጎረቤቱ «አሜን!» አለ። እኔ ዓይኔን ወንድሜ ላይ ተከልኩ። እናቴ ጎንበስ ብላ ወደ ልጇ አዳመጠች።

«ምነው ዝም አልክ የኔ ልጅ? ለእናትህ አሜን አትልም?»

«አሜን» አላት።