የወንድም ጋሼ ቸርኬ

የወንድም ጋሼን ሞት የሰማሁት የማዳምን አንሶላ ስተኩስ ነው። የደወለችልኝ ድሬዳዋ ያለችው ልጁ ሰብለ ናት። ተላቅሰን ስንበቃ፣ «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ለቅሶው ላይ አንድ ሰውዬ፣ አባትሽ ጅቡቲ እያለ የሠራው የብስክሌት ቸርኬ መንገድ ላይ ተበታትኖ ዳቦው ሁሉ አሸዋ ላይ ተደፋ ብሎ አወራ። ሰው ሳቀ። እውነት ነው?»

ካውያውን አቆምኩት። ቀብሩ ያለ እኔ አልፏል። ይኼ ደግሞ ተጨመረበት።

ያኔ ሁለታችንም ወጣቶች ነበርን። በባቡር ጅቡቲ ወርደን እኔ ሰው ቤት ገባሁ፤ እሱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ብስክሌት ይጠግን ጀመር። ቸርኬ በእጁ ይሠራል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሰክቶ ያሽከረክረውና ጠመኔ ያስጠጋበታል፤ ጠመኔው የነካውን እያየ ያጠብቃል፣ ያላላል። ሲያስረክብ ታዲያ «ጥቂት ቀን ንዱበትና መልሱልኝ» ይላል። አዲስ ሽቦ ሸክም ሲያርፍበት ይላላልና ዳግመኛ መጥበቅ አለበት። ንስሐን ያስታውሰኛል፤ ማን ነው አንዴ ተናዞ የጨረሰ?

ሐጂ ዑመር የሚባሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛችንን ይችላሉ። ዳገት ላይ ወዳለው ሰፈር ወደ ሃያብለ ዳቦ ለሚያመላልሱ ብስክሌቶች ጠንካራ ቸርኬ ፈለጉ። ሥራውን ለወንድም ጋሼ ከሰጡት በር ያለው ሱቅ ይከራያል፤ እኔም ከሰው ቤት ወጥቼ አብረን እንኖራለን። ግን አንድ ነጋዴ ማሽን የሠራውን ቸርኬ በካርቶን ከመርከብ አስወርዶ ነበር። ሐጂ «ሁለቱም ይሞከሩ» አሉ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ማዳምን ለቅዳሴ አስፈቅጄ፣ በዚያው ወደ ዳቦ ቤቱ ጎራ አልኩ። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋ ይረጫል፤ የትኩስ ዳቦው ሽታ ደግሞ ለጾመኛ ፈተና ነው። ሁለቱ ብስክሌቶች ዳቦ ተጭነው የሃያብለን ድንጋያማ ዳገት ወጥተው ተመለሱ። ሐጂ ቸርኬዎቹን አሽከረከሯቸው። የወንድም ጋሼ ቀጥ ብሎ ዞረ። ሐሰት መናገር አልፈልግም፣ የማሽኑም አልተጣመመም።

«ያንተ አልቋል?» አሉት ነጋዴውን።

«ከካርቶን ሲወጣ ያለቀ ነው ሐጂ። ሰቅሎ መንዳት ነው።»

«ያንተስ ታምሩ?» አሉ ወደ ወንድም ጋሼ ዞረው።

ወንድም ጋሼ ሽቦዎቹን በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። «ገና ነው ሐጂ። ሸክም ስለቀመሰ አንዴ ላጥብቅልዎት። የእሱንም ቢሰጡኝ አጠብቀዋለሁ፣ እሱም ላልቷል።»

«የራሱን ሳይጨርስ የሰው ሊያጠብቅ» አለ ነጋዴው።

ከዳቦ ተሸካሚዎቹ አንዱ ቀበል አድርጎ፣ «ታምሩ፣ ሙሽራህንም ገና ነው ብለህ ልትመልሳት ነው?» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ሐጂም ሳቁ፤ በክፋት አልነበረም። «ልጄ፣ እኔ ገና አልበሰለም እያልኩ ዳቦ አልሸጥም» አሉና የካርቶኑን አዘዙ።

ስንመለስ «ምናለ አልቋል ብትል?» አልኩት።

«አላለቀማ፣ እቴ።»

ብዙም ሳይቆይ በባቡር ተመልሶ ድሬዳዋ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ቸርኬ በእጁ አልነካም። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ቤት ነኝ፤ አብረን የምንኖርበት ቤት ወሬውም ቀረ። ጠዋት ማታ እጸልያለሁ፤ ልቤ ግን አይጽናናም። ሥራውን በሕይወቱ ተነጠቀ፣ ስሙን ደግሞ በለቅሶው።

ለሰብለ ነግሬያታለሁ። «እሺ አክስቴ» አለችኝ እንጂ አላመነችኝም፤ እህቱ ስለሆንኩ የምሸፍንለት መስሏታል። እባካችሁ፣ ያን ቀን ዳቦ ቤቱ በር ላይ የነበራችሁ፣ የሳቃችሁም ብትሆኑ አልቀየምም፤ በሕይወት ያላችሁ ካላችሁ ለዚህች ልጅ መስክሩላት። ቸርኬው አልተበታተነም፣ አንድ ዳቦም አልወደቀም በሏት።